ቀረጡን የሚከፍል ሕዝብ በቀረጡ ላይ ቃል ይኑረው!



በምርጫ ሰሞን ስለ ዳቦ፣ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ውሃና መብራት የሚያወራ ፓርቲ ሞልቷል። ስለ ጉምሩክ ቀረጥና በአገሮች መካከል ስለሚነሣ የንግድ ጠብ የሚያወራችሁ ግን ብዙም አይገጥማችሁም። ነገሩ የሚኒስትሮችና የአምባሳደሮች ጉዳይ ተደርጎ ስለኖረ ነው። እኛ ይህን አንቀበልም። በከተማ የሚኖር ሰው ልጁን የሚያለብሰው፣ ቤቱን የሚያጸዳበት፣ የሚሠራበት መሣሪያና የሚታከምበት መድኃኒት ሁሉ በጉምሩክ በር የሚያልፍ ነው። በዚያ በር ላይ የሚወሰነው ውሳኔ በየቤታችን ይገባል። ስለዚህ በዚህ የምርጫ ማኒፌስቶ ክፍል ስለ ታሪፍ፣ ስለ ንግድ ጠብና ሕዝብ ለእነዚህ ስለሚሰጠው ምላሽ ያለንን አቋም በግልጽ እናስቀምጣለን።

አቋማችን አንድ ነው፤ የንግድ ጠብ ዕዳ በመጨረሻ የሚወድቀው በሸማቹና በሠራተኛው ጫንቃ ላይ ነው። ሸማቹና ሠራተኛው ነፃ መራጭ በሆኑበት አገር መንግሥታት ታሪፋቸውን ለማንሳት ይገደዳሉ። ነፃ መራጭ ባልሆኑበት አገር ሕዝቡ ለሰልፍ ይጠራል፣ ሂሳቡን ይከፍላል፣ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

1. ታሪፍ የማን ዕዳ ነው?

መንግሥት በውጭ ዕቃ ላይ ቀረጥ ሲጥል የውጭውን ነጋዴ የቀጣ ይመስላል። ባዕዱ ሻጭ ግን ለጉምሩክ መሥሪያ ቤታችን አምስት ሳንቲም አይከፍልም። የሚከፍለው አስመጪው ነው። አስመጪው ወደ ጅምላ ነጋዴው፣ ጅምላ ነጋዴው ወደ ባለሱቁ ያስተላልፈዋል። ባለሱቁ የሚያስተላልፍበት ሰው የለውም፤ ያለችው ዘንቢል ይዛ የቆመችው እናት ብቻ ናት።

ሂሳቡን አብረን እናስላ። ብር በገበያ እንዲወሰን በተለቀቀበት በ2016 ዓ.ም. በሥራ ላይ የነበረውን ስሌት እንውሰድ። ከውጭ የሚገባ የልጅ ጫማ አገር ውስጥ ሲደርስ ዋጋው 100 ብር ነው እንበል። በዚህ ላይ 35 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ ይታሰባል፤ 135 ብር ሆነ። በዚህ ድምር ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ይታሰባል፤ 155 ብር ከ25 ሳንቲም ሆነ። በዚህም ድምር ላይ ደግሞ 10 በመቶ ሱር ታክስ አለ፤ ወደ 171 ብር ተጠጋ። በ2014 ዓ.ም. የተጨመረው 3 በመቶ የማኅበራዊ ልማት ቀረጥ ሲታከልበት ወደ 174 ብር ይደርሳል። ጫማው ገና ከጉምሩክ መጋዘን አልወጣም። የማጓጓዣው፣ የመጋዘኑ፣ የሱቅ ኪራዩና የነጋዴው ትርፍ ገና ይመጣሉ። ታክስ በታክስ ላይ፣ ቀረጥ በቀረጥ ላይ እየተደራረበ 100 ብር የነበረው ጫማ ባለሱቁን ከማየቱ በፊት 74 ብር ጨመረ ማለት ነው።

ነገሩ በዚህ አያበቃም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ። ከዚያ ቀን በፊት አንድ ዶላር በባንክ ወደ 57 ብር ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፎ 110 ብር ገደማ ደረሰ። ዋጋው 10 ዶላር የሆነ ጫማ በ57 ብር ሲመነዘር የሚከፈልበት ቀረጥና ታክስ ወደ 420 ብር ነበር። በ110 ብር ሲመነዘር ያው ቀረጥና ታክስ ወደ 811 ብር ወጣ። አንድም የቀረጥ አዋጅ አልወጣም፤ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አንድም እጅ ለታሪፍ አልተነሳም። ሆኖም ከሸማቹ ኪስ የሚወሰደው ቀረጥ በእጥፍ ሊጨምር ምንም አልቀረውም። የምንዛሪ ለውጡ ይጠቅማል ወይም አይጠቅምም ብሎ መከራከር ይቻላል። ነገር ግን ከለውጡ ጋር አብሮ ስለሚያድገው የቀረጥ ሸክም ሕዝቡ ማን አማከረው? የቀረጡን መጣኔ በዚያው ልክ ዝቅ ለማድረግስ በማን መድረክ ተመከረ?

ከዚያ በፊትም ጥቅምት 2015 ዓ.ም. 38 ዓይነት ዕቃዎች የባንክ የውጭ ምንዛሪ እንዳይፈቀድላቸው በአንድ ደብዳቤ ተከልክሎ ነበር። ዝርዝሩ ከመጠጥና ከሽቶ እስከ አውቶሞቢል ይደርስ ነበር። ክልከላው «የቅንጦት ዕቃ» በሚል ስም ተሸፈነ። ዕቃው ግን ከገበያ አልጠፋም፤ ዋጋው ሰማይ ነክቶ በጓሮ በር ገባ። ተጠቃሚው የጓሮውን በር ቁልፍ የያዘ ሰው ነበር፤ ተጎጂው ደግሞ ደረሰኝ ቆርጦ የሚነግድ ሐቀኛ ነጋዴና ደረሰኝ የሚጠይቅ ሸማች ናቸው።

2. ጥቅምት 23፤ ሰልፉና ሂሳቡ

አሁን ደግሞ ሌላ አገር በእኛ ላይ በሩን ሲዘጋ የሆነውን እናስታውስ።

የአሜሪካ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጣው አጎዋ የተባለው ሕግ የአፍሪካ አገሮች ምርታቸውን ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ እንዲያስገቡ የሚፈቅድ ነበር። ሐምሌ 2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በዚህ ተስፋ ላይ ቆመ። ከጥጥ የተሠራ ካናቴራ ያለ አጎዋ አሜሪካ ሲገባ 16.5 በመቶ፣ ከሰው ሠራሽ ክር የተሠራው ደግሞ 32 በመቶ ቀረጥ ይጣልበታል። ልዩነቱ ይህን ያህል ስለሆነ የውጭ ኩባንያዎች መጡ። ከሲዳማና ከአካባቢው ገጠሮች የወጡ ወጣት ሴቶች በመስመር ተቀምጠው ሸሚዝና ካናቴራ ሰፉ። ደመወዛቸው ትንሽ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ባወጣው ጥናት የመነሻ ደመወዛቸው በወር 26 ዶላር ሲሆን፣ ከዓለም የልብስ አምራች አገሮች ሁሉ ዝቅተኛው ነው ተብሎ ተመዘገበ። ቢሆንም ሥራ ነበር። ለብዙዎቹ በሕይወታቸው የመጀመሪያው ደመወዝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ አገራችን በአጎዋ አማካይነት ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሚያወጣ ምርት ወደ አሜሪካ ላከች።

ጥቅምት 23 ቀን 2014 ዓ.ም. የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጆ ባይደን ኢትዮጵያ ከአጎዋ እንደምትወጣ ለምክር ቤታቸው አስታወቁ። ምክንያቱ በሰሜኑ ጦርነት የተፈጸመው ከባድ የሰብዓዊ መብት ጥሰት ነው ተባለ። በዚያኑ ዕለት በአገራችን የስድስት ወር የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ጥቅምት 28 ቀን በከተማው አስተዳደር በተጠራ ሰልፍ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ መስቀል አደባባይን ሞላ። በውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችንም በዋሽንግተንና በአውሮፓ ከተሞች «በቃ!» እያሉ ወጡ። ብዙም ሳይቆይ በሐዋሳ ትልቅ ስም የነበረው ፒቪኤች የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አስታወቀ። ታኅሣሥ 23 ቀን ውሳኔው ጸና፤ በበሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች ሥራ አጡ።

በዚህ ጉዳይ ላይ ያለንን አቋም ሳንሸፋፍን እንናገራለን።

አንደኛ፤ የአሜሪካ ውሳኔ የተሳሳተ ሰው የቀጣ ነበር። ጦርነቱን ያዘዘ አንድም ባለሥልጣን በዚያ ውሳኔ ደመወዙ አልተቋረጠም። የተቋረጠው የልብስ ሰፊዋ ልጅ ደመወዝ ነው። ሁለት ዝሆኖች ሲራገጡ የሚጎዳው ሣሩ ነው ይባላል፤ የሆነውም ይኸው ነው።

ሁለተኛ፤ የሕዝቡ ቁጣ እውነተኛ ነበር። ባዕድ ኃይል በአገራችን ጉዳይ ላይ ሲፈርድ ደሙ የማይፈላ ኢትዮጵያዊ የለም። በዚያን ቀን አደባባይ የወጣውን ሕዝብ አናናንቅም፤ ከእኛ መካከልም የወጡ ነበሩ።

ሦስተኛ፤ ገዥው ፓርቲ ያንን ቁጣ ተጠቀመበት እንጂ አላከበረውም። ሰልፉን የጠራው መንግሥት ለሰልፈኛው ሂሳቡን አልነገረውም። ስንት ሠራተኛ ሥራ ያጣል? ሥራ ላጣችው ልጅ የቤት ኪራይ ማን ይከፍላል? ገበያውን ለማስመለስ ምን ይደረጋል? እነዚህን ጥያቄዎች በአደባባይ የሚያነሣ ሰው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከፊቱ ተደቅኖበት ነበር። ሕዝቡ «በቃ» ለማለት ተፈቀደለት፤ «እስከ መቼ?» እና «በስንት?» ብሎ ለመጠየቅ ግን አልተፈቀደለትም።

ልክ በዓመቱ፣ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ የሰላም ስምምነት ተፈረመ። ጠመንጃው በሰሜን ጋብ አለ። ሆኖም የሕጉ የጊዜ ገደብ መስከረም 20 ቀን 2018 ዓ.ም. እስከሚያበቃ ድረስ ኢትዮጵያ ወደ አጎዋ አልተመለሰችም። በሌላ የአገራችን ክፍል አዲስ ጦርነት እየተቀጣጠለ፣ የመብት ጥሰት አቤቱታ እየበዛ፣ የተዘጋውን በር ማን ያስከፍታል? ለሦስት ዓመታት ስለ ድላቸው ሲተርኩልን የነበሩ ሰዎች ስለዚህ ሽንፈት አንድ ቀን እንኳ ለሕዝቡ ሪፖርት አላቀረቡም።

3. የሰልፍ ጥሪና ያለመግዛት አድማ አንድ አይደሉም

«ታዲያ ሕዝብ ምን ማድረግ ይችላል? ትልልቅ አገሮች ሲጫኑን እጃችንን አጣጥፈን እንቀመጥ?» የሚል ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሱን ለማግኘት ከቅርብ ጊዜ አንድ ምሳሌ እንውሰድ።

የካቲት 25 ቀን 2017 ዓ.ም. የፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ አስተዳደር በጎረቤቱ በካናዳ ዕቃዎች ላይ 25 በመቶ ታሪፍ ጣለ። የካናዳ መንግሥት በበኩሉ 30 ቢሊዮን የካናዳ ዶላር በሚያወጣ የአሜሪካ ዕቃ ላይ ያንኑ ያህል ታሪፍ ጫነ። የካናዳ ሕዝብ ግን መንግሥቱን አልጠበቀም። ሸማቾች በየሱፐርማርኬቱ የዕቃውን ጀርባ እያገላበጡ የተሠራበትን አገር ማንበብ ጀመሩ። መደብሮች የአገራቸውን ምርት በባንዲራቸው ቅጠል ምልክት ለዩ። የኦንታሪዮ ክፍለ ግዛት የመጠጥ ድርጅት፣ ከዓለም ትላልቅ የመጠጥ ገዢዎች አንዱ፣ የአሜሪካን መጠጥ ከመደርደሪያው አወረደ። አንድ ታዋቂ የአሜሪካ ውስኪ ጠማቂ ኩባንያ ኃላፊ ይህ ከታሪፍ የባሰ ነው ብለው አማረሩ። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2025 በመኪና ወደ አሜሪካ ደርሰው የተመለሱ ካናዳውያን ቁጥር ከዓመት በፊቱ በ35 በመቶ ቀነሰ። በዚያው ወር በተካሄደው ምርጫ፣ በጥር ወር በሕዝብ አስተያየት ከ20 ነጥብ በላይ ወደኋላ ቀርቶ የነበረው ፓርቲ በዚሁ ጉዳይ ላይ በያዘው አቋም አሸነፈ።

አድማው ያለ ዋጋ የመጣ ነው አንልም። በካናዳም ዕቃ ተወድዷል፣ በብረትና በአሉሚኒየም ፋብሪካዎች የሚሠሩ ሰዎች ተጎድተዋል። የካናዳ መንግሥት ራሱ ከጫነው የአጸፋ ታሪፍ ብዙውን ነሐሴ 26 ቀን 2017 ዓ.ም. አንስቷል፤ አንዳንድ ክፍለ ግዛቶችም የአሜሪካን መጠጥ ወደ መሸጫቸው መልሰዋል። ቁም ነገሩ ሌላ ነው። እዚያ ሸማቹ የሚያደርገውን የሚያደርገው በራሱ ፈቃድ ነበር። አድማውን የጀመረው ቀበሌ አልነበረም፤ ስም የሚመዘግብ ካድሬ አልነበረም። የፈለገ ገዛ፣ ያልፈለገ ተወ፣ ጋዜጣው ሂሳቡን አወጣ፣ ተቃዋሚው በምክር ቤት ጠየቀ፣ በመጨረሻም ሕዝቡ በካርዱ ፈረደ።

አሁን ይህን ከሐዋሳዋ ልጅ ጋር እናስተያየው። እርሷ የአሜሪካን ዕቃ አልገዛም ብትል ከዘንቢሏ ምን ታወጣለች? ዘንቢሏ ውስጥ ሽንኩርት፣ ዘይትና ሳሙና እንጂ የአሜሪካ ዕቃ የለም። አሜሪካ በብዛት የምትሸጥልን አውሮፕላን ነው። አውሮፕላን ላለመግዛት አድማ የሚመታ ሸማች የለም። ለዚህ ነው ሕዝባችን በንግድ ጠብ ውስጥ መሣሪያ የለውም የምንለው። ገንዘብ በማጣቱ ብቻም አይደለም፤ አማራጭ፣ መረጃና የሚደራጅበት ነፃነት ስላጣ ጭምር ነው። እነዚህ ሦስቱ በሌሉበት «አንግዛ» የሚል ጥሪ ፉከራ ሆኖ ይቀራል።

4. የቡናችን ምስክርነት

ሸማች ኃይል እንዳለው የሚጠራጠር ካለ ቡናችን ሁለት ጊዜ መስክሮልናል።

የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2007 ነው። የሲዳሞ፣ የይርጋ ጨፌና የሐረር ቡናዎች ስማቸው በዓለም ሁሉ የታወቀ ነው። ገበሬው ግን ከስሙ የሚያገኘው ጥቅም አልነበረም፤ የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው እንዲሉ። እ.ኤ.አ. በ2005 አገራችን እነዚህን ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አመለከተች። የአሜሪካ የቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃወመ። ስታርባክስ የተባለው ትልቁ የቡና ኩባንያም ለመስማማት አንገራገረ። በዚህ ጊዜ ኦክስፋም የተባለው ድርጅት በ1999 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ዘመቻ ጀመረ። ወደ 100 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች፣ አብዛኞቹ የምዕራብ አገሮች ቡና ጠጪዎች፣ ለኩባንያው አቤቱታቸውን ላኩ። ሰኔ 1999 ዓ.ም. ኩባንያው ከአገራችን ጋር ተፈራረመ። በዚያ ጉዳይ የመንግሥት ባለሙያዎች ጥሩ ሥራ እንደሠሩ አንክድም። ነገር ግን ያን ትልቅ ኩባንያ ወደ ጠረጴዛ ያመጣው ደንበኞቹ ፊታቸውን እንዳያዞሩበት መፍራቱ ነው።

ሁለተኛው የትናንት ነው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2025 አሜሪካ ከሞላ ጎደል በሁሉም አገሮች ዕቃ ላይ ቢያንስ 10 በመቶ ታሪፍ ጣለች። የእኛም ቡና 10 በመቶው ደረሰበት፤ በሐምሌ መጨረሻ በብራዚል ላይ ደግሞ ታሪፉ 50 በመቶ ሆነ። አሜሪካ የምትጠጣውን ቡና ራሷ አታመርትም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ታሪፉ የአገር ውስጥ አምራች ሳይጠብቅ በቀጥታ በጠጪው ላይ ወደቀ። የቡና ዋጋ በዓመት ውስጥ ወደ 20 በመቶ ገደማ ናረ። አሜሪካዊው በየሱቁ አጉረመረመ፣ ለተወካዩ ጻፈ፣ እ.ኤ.አ. በኅዳር መጀመሪያ በተካሄዱ የአካባቢ ምርጫዎች የኑሮ ውድነት ዋና መነጋገሪያ ሆነ። ኅዳር 5 ቀን 2018 ዓ.ም. ያው ታሪፉን የጣለው መንግሥት ቡናን፣ ሙዝንና የበሬ ሥጋን ከአዲሱ ታሪፍ ነፃ አወጣ።

ልብ በሉ! የይርጋ ጨፌ ቡና ከታሪፍ ነፃ የወጣው ገዥዎቻችን በሠሩት ዲፕሎማሲ አይደለም። ነፃ ያወጣው በኦሃዮና በቨርጂንያ ጠዋት ቡናውን የሚጠጣ፣ ዋጋው ሲወደድበት ድምፁን ሊነፍግ የሚችል መራጭ ነው። የባዕድ አገር ሸማች ለራሱ ሲል ያስነሳው ታሪፍ የእኛን ገበሬ ጠቀመ። ያ ሸማች እንዲህ ዓይነት ኃይል ካለው የአዲስ አበባ፣ የአዳማ፣ የባሕር ዳር፣ የድሬዳዋ፣ የጅማና የመቀሌ ሸማች ስለ ምን አይኖረውም?

እኛም አገር ቢሆን ሕዝብ ሲናገር ታሪፍ ሊወርድ እንደሚችል ታይቷል። ሴቶች የንጽሕና መጠበቂያ የቅንጦት ዕቃ አይደለም ብለው ዓመታት ከጮኹ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2020 ከውጭ የሚገባው የንጽሕና መጠበቂያ ቀረጥ ከ30 በመቶ ወደ 10 በመቶ ዝቅ ብሏል። ያንን ያስገኙት ሳይፈሩ የተናገሩ ሴቶች ናቸው። አንድ ዕቃ ላይ የተቻለ በሌላውም ይቻላል።

5. «ይህ የሉዓላዊነት ጉዳይ ነው» ለሚሉ

ገዥው ፓርቲ ይህን ጽሑፍ ሲያነብ የሚለውን እናውቃለን። «ተቃዋሚዎች ለባዕድ ጥብቅና ቆሙ» ይላል።

መልሳችን አጭር ነው። ሉዓላዊነት የሕዝብ ነው። ሕገ መንግሥቱም የሉዓላዊ ሥልጣን ባለቤት ማን እንደሆነ ይናገራል። ሕዝቡ የሚከፍለውን የማያውቅበት፣ ሥራ ያጣው ሠራተኛ አቤት የሚልበት ያጣበት ውሳኔ የሉዓላዊነት ውሳኔ ሊባል አይችልም። ሰብዓዊ መብት መከበሩ ለባዕድ የሚከፈል ግብር አይደለም፤ መጀመሪያ ለራሳችን ሲባል የሚደረግ ነው። ሆኖም ልጆቻችን የሰፉትን ልብስ፣ ገበሬያችን ያመረተውን ቡና ለዓለም ለመሸጥ ከፈለግን፣ ሰላምና የሕግ የበላይነት የንግድ ፖሊሲያችን መሠረት መሆናቸውን ጥቅምት 23 አስተምሮናል። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል፤ በሩን ራሱ ከፍቶ የሚተው መንግሥት ጎረቤቱን ሊወቅስ አይችልም።

የአገር ውስጥ ኢንዱስትሪን መጠበቅ ያስፈልጋል የሚሉንንም እናከብራለን። አገር በቀል አምራች በተመጣጠነ ቀረጥ መደገፍ አለበት። ነገር ግን ጥበቃው የተወሰነ ጊዜ ሊኖረውና ውጤቱ ለሕዝብ ሊገለጽ ይገባል። መጨረሻ የሌለው ጥበቃ ሸማቹን ለጥቂት ባለ ወዳጆች ገባር ያደርገዋል።

6. ቃል የምንገባው

በመሆኑም ድምፃችሁን ብትሰጡን የሚከተሉትን ለመፈጸም ቃል እንገባለን፦

ሀ) ማንኛውም የታሪፍ ጭማሪ ወይም የገቢ ዕቃ ክልከላ ከመጽናቱ ከ60 ቀን በፊት ለሕዝብ ይገለጻል። በአንድ መካከለኛ ገቢ ባለው የከተማ ቤተሰብ ወጪ ላይ የሚያስከትለው ለውጥ በብር ተሰልቶ አብሮ ይወጣል። ነጋዴው፣ አምራቹና ሸማቹ የሚናገሩበት ክፍት ስብሰባ በምክር ቤቱ ቋሚ ኮሚቴ ይደረጋል። በደብዳቤ የሚጣል ክልከላ ያበቃል።

ለ) ሱር ታክስን ከመድኃኒት፣ ከትምህርት መሣሪያ፣ ከሕፃናትና ከሴቶች ንጽሕና መጠበቂያ፣ ከልጆች ልብስና ጫማ፣ ከታክሲና ከባጃጅ መለዋወጫ ላይ በመጀመሪያው የበጀት ዓመት እናነሳለን። ይህ የመንግሥትን ገቢ ይቀንሳል፤ አንደብቃችሁም። ጉድለቱን የምንሞላው ከቀረጥ ነፃ የሚያስገቡ ድርጅቶችን ስምና የተተወላቸውን ገንዘብ መጠን በየዓመቱ በማሳተምና አላግባብ የተሰጠውን መብት በመሰረዝ ነው።

ሐ) የብር ምንዛሪ በከፍተኛ መጠን ሲወርድ የመሠረታዊ ዕቃዎች የቀረጥ መጣኔ አብሮ እንዲስተካከል የሚያስገድድ ሕግ እናወጣለን። የምንዛሪ ለውጥ የተደበቀ የቀረጥ ጭማሪ ሆኖ እንዲያገለግል አንፈቅድም።

መ) በውጭ አገር የንግድ እርምጃ ሥራቸውን ለሚያጡ ሠራተኞች ከጉምሩክ ገቢ የተወሰነ ድርሻ የሚመደብለት የመጠባበቂያ ፈንድ እናቋቁማለን። ፈንዱ የስድስት ወር ድጎማና የሥራ ሥልጠና ይሰጣል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ያነሣውን የደመወዝ ቦርድ ሥራ አስጀምረን ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል እንወስናለን።

ሠ) የሸማቾችን ጥበቃ ከሚኒስቴር ጥላ ሥር እናወጣለን። አዋጅ ቁጥር 813/2006 ያወቀው ባለሥልጣን በ2014 ዓ.ም. በተደረገው የመንግሥት አደረጃጀት ለውጥ ወደ ሚኒስቴር ተጠቃሏል። ዋጋ የሚያንር ውሳኔ የሚወስንና ሸማቹን እጠብቃለሁ የሚል አካል አንድ ሊሆን አይገባም። ተጠሪነቱ ለምክር ቤቱ የሆነ ነፃ ተቋም ይኖራል። ከመንግሥትና ከፓርቲ ነፃ የሆኑ የሸማቾች ማኅበራት በየከተማው ያለ እንግልት እንዲመዘገቡ እናደርጋለን።

ረ) የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 30 የሰጠው የመሰብሰብ፣ የመሰለፍና አቤቱታ የማቅረብ መብት ለሸማቹም ይሠራል። ዜጋ ዋጋ በመወደዱ ወይም በአንድ ምርት ላይ ባለው ተቃውሞ አልገዛም ቢል፣ ሌላውም እንዳይገዛ በሰላም ቢቀሰቅስ አይታሰርም፣ ፈቃዱ አይነጠቅም፣ ሱቁ አይታሸግም። በዚያው ልክ ማንም ሰው በቀበሌ ተጠርቶ፣ ስሙ ተመዝግቦ ለሰልፍ አይወጣም። አንድን ወገን በዘሩ ወይም በሃይማኖቱ ለይቶ «ከእርሱ አትግዙ» የሚል ቅስቀሳ ግን ያለመግዛት አድማ ሳይሆን ጥላቻ ነው፤ አጥብቀን እንታገለዋለን።

ሰ) በውጭ ያሉ ወገኖቻችን በየሚኖሩበት አገር ሸማችም መራጭም ናቸው። ኃይላቸው ለአገራችን ምርት ገበያ ማስከፈቻ እንዲሆን እንጂ ለገዥ ፓርቲ ማሞገሻ እንዳይውል እናደርጋለን። የቡናችንን ስም የማስጠበቁን ሥራም ከተጀመረበት ወደፊት እንወስደዋለን።

ውድ መራጮች፤

ከላይ የጻፍነውን ለማመን የእኛን ቃል ብቻ አትውሰዱ። ዛሬ ወደ ገበያ ስትሄዱ አንድ ከውጭ የገባ ዕቃ አንሡና ባለሱቁን «ከዚህ ውስጥ ቀረጡ ስንት ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። አያውቅም። አስመጪውን ብትጠይቁ ያውቃል፤ ግን ለመናገር ይፈራል። መንግሥትን ብትጠይቁ መልስ የሚሰጥ አታገኙም። ይህ ምርጫ ጥያቄው መልስ የሚያገኝበትን ሥርዓት ለማምጣት ነው።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። አንድ ሸማች ብቻውን ዋጋ ጠይቆ ያልፋል። በየከተማው የተደራጁ ሸማቾችና በነፃነት የሚመርጡ ዜጎች ግን በጉምሩክ በር ላይ ያለውን ውሳኔ መለወጥ ይችላሉ። በሌሎች አገሮች ሆኗል፤ በእኛም አገር ይሆናል። በምርጫው ቀን ካርዳችሁን ይዛችሁ ውጡ፤ ድምፃችሁ እስኪቆጠርም ድረስ ጠብቁት።

ሂሳቡን የሚከፍል ሕዝብ ሂሳቡን ይጠይቅ!

ሰላም፣ ሥራና ፍትሐዊ ቀረጥ ለከተማ ነዋሪዎች!

ኢትዮጵያ ለዘላለም ትኑር!